የሐዘን ሰሌን በኪሎ ለመዘነው ቦርድ

«ታካሚዋ ወይዘሮ ሌሲዬሊ ካውፎኖንጋ በምዘናው ዕለት 141.6 ኪሎ ግራም ሆነው ስለተገኙና ክብደት ስለጨመሩ፣ ለነባሩ ቀዶ ጥገና ከተወሰነው የ140 ኪሎ ጣሪያ በላይ ሆነዋል፤ በመሆኑም ወደ አዲሱ ቀዶ ጥገና ተዛውረዋል። አዲሱ ቀዶ ጥገና የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ስለማይሰጥ ጉዳዩ በዚሁ ተዘግቷል። በጤና ጉዞዎ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።»

ለክቡር ዶክተር ረስል ሃዘርሊ
የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና መራጭ ቦርድ ሰብሳቢ
ደቡብ ኦክላንድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ የተከበሩት የቦርድዎ አባላት በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ፣ እንቅልፋችሁ የሰመረ፣ ምግባችሁ የሚጥም፣ በተለይም ኩላሊቶቻችሁ ሁለቱም በየቦታቸው ሆነው ያለ ማሽን እርዳታ ሥራቸውን የሚሠሩ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ከላይ በክብር ያስቀመጥኩት ቃል የእርስዎ ነው፤ አንድም ፊደል አልጨመርኩበትም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ ሳለ አንዲትን ሴት በመጀመሪያው ከአንድ በር አስወጥቶ፣ በሁለተኛው ሌላ በር ዘግቶባት፣ በሦስተኛው መልካም ጉዞ የሚመኝላትን ይህን የመሰለ እጥር ምጥን ያለ ጽሑፍ በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜዬ አንብቤ አላውቅም።

ሲዮሳያ ካውፎኖንጋ እባላለሁ፤ የሌሲዬሊ ባል ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ፊዚክስ ነው፤ መተዳደሪያዬም የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪነት ነው። ከዚህም ሌላ ኩላሊቴን ለሚስቴ ልሰጥ ተመርምሬ ተስማሚ ነህ የተባልኩ ሰው ነኝ። የንቅለ ተከላ ሐኪሞቹ ክብደቷ ካልቀነሰ ቢላ አናነሣም ስላሉን ነው የእርስዎን ደጅ ልንጠና የመጣነው። ሌላ ምንም አልጠየቅንም፤ ቅሬታዎቼም እንደሚከተለው ናቸው።

1ኛ. በጋው ሲያልቅ ስላዘጋጁልን የማስረዳት ምሽት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቶንጋ ቋንቋ የተዘጋጀ ነው ተብሎ የታደለን ጽሑፍ በሳሞአ ቋንቋ የተጻፈ ስለነበር፣ ስለ ጎረቤቶቻችን ቋንቋ ያለንን ዕውቀት አስፍተን ተመልሰናል። ስለ ጨጓራ መቆረጥ እየተነገረን ክሬም የተሞላ ኬክ ሲዞርልንም ጽናታችንን ለመፈተን ታስቦ ነው ብለን በቅንነት ተርጉመነዋል።

ባልደረባዎ ሁለት ጨጓራ ሥለው የሰጡት ማብራሪያ ግን ግልጽ ነበር፤ ይህን ያለ አሽሙር ነው የምናገረው። ነባሩ ቀዶ ጥገና ጨጓራን በቁመቱ ቆርጦ አብዛኛውን ያወጣል፤ ሙዝ የመሰለ ጠባብ ከረጢት ያስቀራል፤ አንጀትን አይነካም። አዲሱ በዚያው ቆረጣ ይጀምርና፣ ምግቡ ረጅሙን የአንጀት ክፍል ዘልሎ እንዲያልፍ አድርጎ እታች ይቀጥለዋል። አዲሱን የማማበት ምክንያት የለኝም፤ ክብደት አብዝቶ ይቀንሳል፤ ስኳርንም ከነባሩ የበለጠ ያወርዳል ይባላል። ነባሩ ደግሞ ቃር ያመጣል፤ ከዓመታት በኋላ ክብደቱ የሚመለስበት ሰውም ጥቂት አይደለም። ሆኖም አንጀቱ የተዘለለበት ሰው ከምግቡ ጋር ቪታሚኑና መድኃኒቱም በከፊል ያልፈዋል፤ የኩላሊት ጠጠርም ያሰጋዋል። ሚስቴ ደግሞ ቀጭን መሆን አልፈለገችም። የፈለገችው ኩላሊቴን ተቀብላ፣ ሰውነቷ እንዳይገፋው በየቀኑ የምትውጠው መድኃኒት ደሟ ውስጥ እንዲገኝላት ነበር።

ስለዚህ በአዳራሹ ፊት ተነሥታ፣ «አዲሱ ጀልባ ፈጣን ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን እኔን የመሰለ ሰው ተሳፍሮበት፣ ደርሶ፣ ተመልሶ ያወራላችሁ አለ?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባልደረባዎም ስቀው፣ «እውነቱን ለመናገር፣ ለእርስዎ የሚሻለው ነባሩ ነው» አሏት። ቦርድዎም በዚሁ ተስማምቶ ለነባሩ መዘገባት። ሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች በአእምሮ ሚዛን የተመዘኑት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የእርስዎ ሚዛን ነው።

2ኛ. ከምዘናው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የሌሲዬሊ አክስት፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ አረፉ። በእኛ በቶንጋ ሰዎች ዘንድ ከአባት እህት በላይ የሚከበር ዘመድ የለም። እሷ ስትሞት የወንድሟ ልጆች ከሁሉ በታች ይሆናሉ፤ ከጓሮ ሆነው ለለቀስተኛው ያበስላሉ፤ ታኦቫላ የምንለውን ሰሌን፣ ያውም ትልቁን፣ ሻካራውን፣ ዳሩ የተበጣጠሰውን፣ ወገባቸው ላይ ይታጠቃሉ፤ ዐሥረኛው ቀን ሳይደርስም ሰው ፊት አያወልቁትም። ሰሌን የታጠቀ ሰው ሳይገጥምዎት ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቢሮዎ መድረስ ስለማይችሉ ይህንን ማስረዳቴ ለይስሙላ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በዚያ ለቅሶ ላይ ሚስቴ፣ ቦርድዎ ባዘዘው መሠረት በዱቄት የሚበጠበጥ መጠጥ ብቻ እየጠጣች፣ ለሦስት መቶ ሰው አሳማና በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል ሠራች። ጨው ለመቅመስ እንኳ ማንኪያውን ለሌላ ታቀብል ነበር። የአጎቷ ልጅ፣ «ኧረ ሌሲዬሊ፣ ለማን ብለሽ ነው እንዲህ በረሀብ የምትንገበገቢው? ሲዮሳያ እንደሆነ አርጅቷል፤ ከእንግዲህ የትም አይሄድብሽም!» እያለች ስታሾፍባት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ለእሱ መቼ ሆነ፣ ለኩላሊቱ ነው እንጂ!» ብላ መለሰችላትና ጓሮው በሳቅ ተሞላ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ እስኪረሳ ድረስ።

አክስቷ በተቀበሩ ማግሥት ለምዘና ሄደች። የመዘነቻት ነርስ ልጅ እግር ናት፤ ደግ ልጅ ናት፤ በእርሷ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። «እማማ፣ ይቺን ፈትተሽ እዚያ ወንበር ላይ አድርጊያትና ነይ» አለቻት። ሌሲዬሊም፣ «የኔ ልጅ፣ አክስቴን የቀበርኩት ትናንት ነው፤ አላወልቃትም» አለች። ነርሷ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «በቃ ግድ የለም፣ ምን ትመዝናለች ብለሽ ነው? እንዳለሽ ውጪ» አለቻት። ምን እንደምትመዝን እነሆ እመልሳለሁ፦ ዐሥረኛው ቀን አልፎ ሰሌኑ ሲፈታ፣ በመንግሥት ማኅተም በተረጋገጠው የሥራ ሚዛኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ 4.3 ኪሎ ሆነ።

እንግዲህ ሚስቴ በዚያ ዕለት 137.3 ኪሎ ነበረች። ለነባሩ ቀዶ ጥገና ስትመዘገብ በራሳችሁ መዝገብ 138.9 ነበረች። ጨመረች ያላችኋት ሴት ቀንሳለች። የጨመሩት አክስቷ ናቸው። ማንጌሬ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ጎደሬውን ከነቅርጫቱ መዝኖ ቢሸጥ ሚዛኑን አሽጌ ቅጣት እጽፍበታለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሳገኘው ፈቃዱን አስነጥቀዋለሁ። ቦርድዎ ግን በቅርጫቱ ክብደት ቀዶ ጥገና መርጧል። በዓለም ላይ ከአዲሱና ከነባሩ የትኛው ይሻላል ብለው ሊቃውንቱ ገና ሲከራከሩ፣ እርስዎ ጥያቄውን በአንድ ሰሌን ስለፈቱት የሳይንስ ሰው እንደመሆኔ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰን ቀን ሌሲዬሊ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ «አየህ፣ አክስቴ በሕይወት ሳሉም አልለቀቁኝም፤ ሞተውም ይኸው እላዬ ላይ ናቸው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

3ኛ. ከነባሩ ያወጣችኋት ስለከበደች ነው፤ ከአዲሱ ያወጣችኋት ስለታመመች ነው። ወደማይቀበላት ክፍል እንደማይቀበላት እያወቃችሁ አዛውራችሁ፣ በዚያው ወረቀት ላይ አልተቀበላትም ብላችሁ ዘጋችሁት። ቦርድዎ ይህን ለመወሰን ስንት ጊዜ እንደተሰበሰበ አላውቅም፤ ከአባላቱ መካከል የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያነበበው ሰው ሁለተኛውንም ያነበበው ሰው መሆን አለመሆኑን ግን ባውቅ ደስ ይለኛል።

4ኛ. ስልክ ደወልኩ። ያነሣው ጸሐፊ እጅግ ጨዋ ነው፤ «ጌታዬ፣ ሲስተሙ ላይ ተዘግቷል» አለኝ። ማን ይከፍተዋል ብዬ ብጠይቀው፣ «አይከፈትም፤ ከቤተሰብ ሐኪም አዲስ ሪፈር አጽፉና ከመጨረሻ ይሰለፉ፤ ወረፋው ዓመት ያልፈዋል» አለኝ። ሰሌኑን ብቻ ቀንሱልኝ ብዬ ብለምነው፣ «ሲስተሙ ላይ ሰሌን ተብሎ የሚሞላ ቦታ የለንም እኮ» አለ። አመስግኜ ዘጋሁ፤ ምን ይበል?

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ስሕተቱ ይታረምና ነገሩ ያልቃል ብሎ ያስብ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሪፈሩን ስናጽፍ፣ ስንሰለፍ፣ ስንደውል ክረምቱ ገባ፤ የሌሲዬሊ ኩላሊትም የቀረችውን ጉልበት ጨረሰች። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሌሎቹ ቆመው ሲዘምሩ እሷ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ውሃ በሰውነቷ ይጠራቀማል፤ እግሯ ያብጣል፤ ከአንዱ እጥበት እስከ ሌላው ኪሎዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለፈው ሳምንት በዚያው በተረጋገጠው ሚዛኔ ላይ ያለ ሰሌን፣ በቀጭን የሌሊት ልብስ መዘንኳት፤ 140.9 ሆነች። እሷ ቁጥሩን አይታ፣ «ተወው በቃ፣ ሲዮሳያ፤ ሚዛንህ እንኳ ከእነሱ ጋር ሆነ» አለችኝ።

ስለዚህ ደስ ይበልዎት፤ ዛሬ ቦርድዎ ትክክል ነው። ያን ጊዜ ያልነበረው ክብደት ዛሬ አለ። ያመጣውም ሰሌኑን የሚቀንስልን ሰው ስንጠብቅ የተጠራቀመ ውሃ ነው። እኔ ግራም ለግራም እየቆጠርኩ የሰውን ሚዛን ሳርም የኖርኩ ሰው፣ እውነቱን ማረጋገጥ ምንም እንደማይጠቅም በሚስቴ እግር እብጠት ተምሬያለሁ፤ ለዚህም ትምህርት ክፍያ ስላልጠየቃችሁን አመሰግናለሁ።

እንዲህም ሆኖ፣ ዶክተር፣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ መዝገቡ ይከፈት ብዬ አይደለም፣ እንደማይከፈት ተነግሮኛል። በምዘናው ዕለት የሚስቴ ክብደት ያለ ሰሌኑ ስንት እንደነበረ፣ በዚያ ክብደት ከሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች የትኛው ይገባት እንደነበረ፣ የከለከላትም ማን እንደሆነ፣ በእርስዎ ፊርማ የተደገፈ የጽሑፍ መልስ እስከ ኦገስት 14 ቀን ድረስ በቤቴ አድራሻ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። በስልክ መልስ አልቀበልም። የመልካም ጉዞ ምኞት ያለበትንም ሳላነብ እመልሰዋለሁ።

ለቦርድዎ ጥበብ ተገቢውን ክብደት በመስጠት፣ ሳልጨምርም ሳልቀንስም፣

አክባሪዎ፣
ሲዮሳያ ካውፎኖንጋ
የሚዛን ተቆጣጣሪ፣ የሌሲዬሊ ባል፣ እስካሁን የሁለት ኩላሊት ባለቤት
ኦታሁሁ

ማሳሰቢያ፦ ሰሌኑን አልጣልነውም፤ አጥፈን አስቀምጠነዋል። በእኛ ወግ ሚስቱ የሞተችበት ባልም ሰሌን ይታጠቃል፤ አሁን ባለው አካሄድ ቀጣዩ ታጣቂ እኔ ነኝ። ያን ቀን ታጥቄው ሆስፒታልዎ ድረስ ስመጣ አደራዎን፣ ሚዛን ላይ አያቁሙኝ፤ ስንት እንደሚከብድ እኔ ራሴ ነግሬዎታለሁ።