የመብሩካ ጨው

ሐምሌ 2
ሙቀት። የወይራው ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ዶሮዎቹን አጠጣሁ፣ ግቢውን ጠረግኩ። መብሩካ ከጤና ጣቢያ ተመለሰች። ጣውንቴ። ደም ግፊት አለባት አሉ። የሚያሸና ኪኒን ሰጧት። ጨው ቀንሺ ተባለች።

ልጇ በክሪ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጨው የሚባል እንዳላይ! ያለችኝ አንዲት እናት ናት።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንዲት... እሺ።

በጨው የተዘፈዘፈ የወይራ ፍሬ ያለባቸውን ማሰሮዎች አውጥቶ ለጎረቤት አደለ። የኔንም ጭምር። ማን ጠየቀኝ? እሷ ታመመች፣ እኔ አልጫ ልብላ።

ሐምሌ 5
መብሩካ ያለ ጨው ምስር ቀቀለች። ጨው የሌለው ዳቦ ደግሞ... አመድ። እዚህ ሲዋ በረሃ ቤታችን ከጨው ሐይቁ ዳር በተቆረጠ የጨው ጭቃ የተሠራ ነው። ግድግዳው ጨው፣ ጣሪያው ሥር ጨው። በክሪም በመኪናው የሚጭነው ጨው ነው። ድስታችን ውስጥ ብቻ የለም። አያስቅም?

ከሰዓት ጎረቤታችን ተፋሓ መጣች፣ የማያገባት ነገር የሌለ ሴት።

"ውሃ ጠጪ፣ የኔ እህት! ውሃ ደሙን ያጥበዋል።"

"ምን ያህል ልጠጣ?"

"እስኪበቃሽ። ከበቃሽ በኋላ ደግሞ ትንሽ ጨምሪ።"

መብሩካ ከፈራች የተባለችውን ሁሉ ታምናለች። እንስራውን አልጋዋ አጠገብ አስጎተተች።

ሐምሌ 9
ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ ትጠጣለች። ሆዷ እንደ ከበሮ። "አሁንስ ምንጩን ልታደርቂው ነው" ብላት "ቅናት ነው" አለችኝ። በውሃም ይቀናል?

ሐምሌ 13
ራሷን አመማት፣ አስመለሳት። ምግብ ማየት አስጠላት። "ሙቀቱ ነው" አለ በክሪ፣ ሌላ ውሃ ሰጣት።

ፊደል የቆጠርኩት ባላችን ዩኑስ ከሞተ በኋላ ነው፣ ስልሳ ካለፈኝ። በሕይወት ሳለ "ለማን ልትጽፊ?" ይለኝ ነበር። ለራሴ፣ ዩኑስ። አልወለድሽም ብለህ ይቺን ስታመጣብኝ የሰማኝ ሰው ስላልነበረ።

ታማ ደስ አለኝ? ትንሽ። ይኸው ጻፍኩት።

ሐምሌ 16
ዛሬ ያየሁት ነገር... ጎህ ሲቀድ ለሶላት ተነሳሁ። መብሩካ ግድግዳው ፊት ተንበርክካለች። የቂብላው አቅጣጫ ጠፍቷት የምትሰግድ መሰለኝ። ቀረብኩ። ምላሷን አውጥታ ግድግዳውን ትልሳለች። እንደ ፍየል።

"መብሩካ! ምን ሆነሻል?"

ዞር አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። "ይጣፍጣል" አለች፣ እንደ ሕፃን። "ለማንም አትንገሪ።"

ሐምሌ 17
አላወቀችኝም።

"እህቴ፣ የዚህ ቤት ሰው ነሽ?" አለችኝ።

"ነኝ።"

"ዛሬ ነው የሚድሩኝ። ትልቋ ሚስት ክፉ ናት ይላሉ። እውነት ነው?"

ምን ይባላል? "እውነት ነው" አልኳት። "ግን አትናከስም።"

"ብትመታኝስ?"

"አትመታሽም። እሷም እንዳንቺው ፈርታለች።"

ከየት አመጣሁት? ይህን ያህል ዓመት ለራሴ እንኳ ያላልኩትን... እጄን ያዘች። አልለቅ አለች። እኔም አልነጠቅኳትም።

ተፋሓ ጂን ነው አለች፣ ሼኽ ይጠራ አለች። በክሪን ወደ ጥግ ወስጄ የግድግዳውን ነገር ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

"ትልቋ እማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ይህን ለሰው እንዳታወሪ። አበደች ይበሏት?"

ሐምሌ 18
ሼኹን አልጠበቅንም። ማለዳ ተንዘፈዘፈች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ጥርሷ ገጠመ። ከዚያ እንቅልፍ፣ ብንጠራትም ብንነቀንቃትም የማትሰማው። በክሪ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫናት፣ ሆስፒታል።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። ምን ትበላ ነበር? ምን ትጠጣ ነበር? የተለየ ነገር አያችሁ?

"ምንም" ይላል በክሪ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "ሙቀቱ ነው።"

እኔም ዝም። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነበር... ክፉ መሥራት አያስፈልገኝም ነበር እኮ። አፌን መዝጋት ብቻ። ማንም አይወቅሰኝም፣ እንዲያውም ልጁ ያመሰግነኛል። መዳፌን አየሁት። ትናንት የያዘችው እጅ ነው።

"ግድግዳ ስትልስ አይቻታለሁ" አልኩ።

"ትልቋ እማ!"

"አንተ ዝም በል! እናትህ እየሞተች ነው። ዶክተር፣ ቤታችን የጨው ጭቃ ነው። እሱን ስትልስ አየሁ። ድስታችን ውስጥ ጨው አይገባም፣ እሱ ከልክሎናል። ውሃ ግን በእንስራ ነው የምትጠጣው።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ደም ቅዱላት። አሁኑኑ!"

ሐምሌ 19
ደሟ ውስጥ ጨው አልቋል። ማለት... አለ፣ ግን የማይሆን ያህል ትንሽ። ኪኒኑ በሽንት ያወጣዋል፣ እኛ አንተካም፣ በላዩ ውሃ እናፈስበታለን። ቀንሱ ነው እንጂ አጥፉ አልተባልንም ነበር። አንጎሏ ውሃ ይዞ አብጧል አለች ዶክተሯ።

"ታዲያ ስጧታ! ከደጃችን እፍኝ ሙሉ ላምጣ?"

"አይሆንም እማ። በፍጥነት ከመለስነው ያም አንጎሏን ይጎዳዋል። ቀስ እያልን ነው።"

ሲበዛ ይጎዳል። ሲያንስ ይገድላል። ሲመለስ እንኳ ቸኩሎ ከተመለሰ... ሱብሐነላህ።

አጠገቧ ተቀምጬ በክንዷ የሚገባላትን የጨው ውሃ ጠብታ አየሁ። ተንጠልጥላ ትወፍራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወድቃለች። ሌላዋ። የመብሩካ ቀልድ፣ ተንኮሏ፣ የልጇ ስም፣ እኔን መጥላቷ... ይህ ሁሉ እዚያች ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው? የሰው ልጅ ይህን ያህል ቀጭን ነገር ላይ ቆሞ ነው ወይ የሚኮራው? እኔስ?

ደግሞ ምላሷ! አእምሮዋ ስሜን ሲረሳ ምላሷ ጨው የት እንዳለ አልረሳም። ግድግዳ ድረስ አዘመታት። ማን አስተማረው?

አገራችን ሲዋ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነው። ነጩ ሐይቅ እዚህ፣ ጥቂት አለፍ ብሎ ጣፋጩ ምንጭ። አንዱ አንዱን አይውጠውም። ልብስ አጥቤበታለሁ፣ አህያ አጠጥቼበታለሁ። አንድ ቀን ገርሞኝ አያውቅም። እዚህ የብረት ወንበር ላይ ገረመኝ። ሰውነቴን ፀጉሬ እስኪቆም ወረረኝ።

ሐምሌ 20
አልነቃችም። ለእሷ ዱዓ አደረግኩ። አፌ አልለመደውም፣ ስሟ ላይ ስደርስ ተሰናከልኩ።

ሐምሌ 21
ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። አሁንም አየችኝ።

"ዘይና" አለች። "ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ሞተች ብለሽ ነው?"

አወቀችኝ! ስድቧን ሰምተሽ እንዲህ ደስ ይልሻል ያለኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

"ገና ነሽ" አልኳት። "ቸኮልሽ።"

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። እንባዬ ከንፈሬ ላይ ደረሰ። ጨው። እኔም ውስጥ ተለክቶ ተቀምጧል... ሳላውቀው፣ ሳላመሰግን፣ ሳማርር።

ነሐሴ 6
ቤት ገብታለች። ኪኒኑን ለወጡላት። ጨው ጥቂት፣ ግን ይኑር። ውሃ ሲጠማሽ ብቻ። ተፋሓ በር ላይ ደርሳ "ታዲያ ስንት ልትጠጣ ነው?" ብትል በክሪ በጨዋ ደንብ መለሳት።

መብሩካ ደከም ትላለች እንጂ ልቧ ሙሉ ነው።

"ሆስፒታል ከመሄዴ በፊት" አለችኝ፣ "አንዲት ሴት አጠገቤ ነበረች። ደግ። ማን ናት?"

"ተፋሓ ትሆናለች።"

ሳቀች። "የተፋሓ እጅ እንዲህ ሻካራ አይደለም።"

እጄን እጅጌዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

ማምሻውን የሞሎኪያ ቅጠል ወጥ ሠራች። ምድጃው ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ የእሷ ነው። ቤተሰቦቿ ትልቋ ሚስት መድኃኒት ታደርግብሻለች ብለው ልከዋታል፣ ድስቱን ከእኔ ስትጠብቅ አረጀች። አልፈርድባትም። ያኔ አስተያየቴ ራሱ መድኃኒት ነበር።

ጠራችኝ። "ነይ እስቲ። ምላሴ አሁንም ልኩን አይነግረኝም። ጨዉን አንቺ አድርጊው።"

በሦስት ጣቴ ቆነጠርኩ። ያቺን ጠብታ አሰብኩ። ጥቂት መለስኩ። የቀረውን ጨመርኩት፣ አማሰልኩ።

"በቃ?"

"በቃ።"

ዳቦውን ነከረች። በላች። ፊቴን ልትመረምር እንኳ ቀና አላለችም።