የሐሙሱ ዱዓ

ገርጂ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ጓደኛ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእናትሽ ጉልበት ተሻላት? የቡልቡላ ጭቃስ መውጫ መግቢያ አሳጣችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ልልሽ ነበር፤ ደህና አይደለንም።

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። እኔ እናገራለሁ፣ ጓደኛሽ ሸይማ ትጽፋለች፤ ለወሎ ዘመዶቻችንም የምንልከው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ክፉውንም ደጉንም በእሷ እጅ ነው የምታነቢው።

የካቲት ላይ በዚያ ሐሙስ፣ የሰፈሩ ሴቶች ለዱዓ ቤቴ ተሰብስበው ሳለ፣ ልጄን መሃል አስቀምጬ እጅጌዋን የገለጥኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጇ ያቆሰለችውን ክንዷን ሁሉም አዩት። ግማሹ ዓይን ነው፣ ግማሹ ጂን ነው አለ። እኔ ሰው ነው አልኩ። ማን አስተማረሽ ብላት እጅጌዋን መልሳ ጎተተች። ስም ካልጠራሽ ከዚህ አትነሺም አልኳት። ከቀትሩ ዙህር እስከ ምሽቱ መግሪብ ተቀምጣ በመጨረሻ ያንቺን ስም ጠራች። ሴቶቹም አሚን አሉ። በነጋታው ደጃችሁ ቆሜ ያልኩሽን አልደግመውም። ወር ሳይሞላ ሰፈሩን ለቃችሁ ቡልቡላ ገባችሁ።

እኔም እሾሁ ተነቀለ፣ ቁስሉ ይድናል ብዬ መገናኛ ሱቄን ከፈትኩ።

ባሰባት እንጂ አልዳነችም። ሰኔ ላይ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛች። ሐኪሙ ሲጨንቅሽ ለማን ትነግሪያለሽ ቢላት ለማንም አለች። ቀድሞስ ሲላት አንቺን ጠራች። ጭንቁ ሲመጣባት እናንተ ቤት ትሮጥ እንደነበር፣ አንቺም ምንም ሳትጠይቂ ሹሩባ እንደምትሠሪያት፣ ሠርተሽ እስክትጨርሺ እንደሚያልፍላት ያን ቀን ሰማሁ። እኔ እኮ ፀጉሯ አምሮ በመጣች ቁጥር ሁለታችሁንም ሥራ ፈቶች እል ነበር።

እኔ ልሥራሽ አልኳት። እጅሽ ይከብዳል አለችኝ። እውነቷን ነው።

ይህን ደብዳቤ ስንጀምር፣ ይቅር ብዬሻለሁ በይልኝ አልኳት። እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«እሱን አልጽፍም፣ እማ። እሷ ምን አድርጋ?»

ፊት ለፊት ስትመልስልኝ የመጀመሪያዋ ነው። በጥፊ ልላት እጄን አነሳሁ፤ ክንዷን ሳይ መለስኩት። እንግዲያው ይቅር በይኝ ብለሽ ጻፊ አልኳት። ከአፌ ለማውጣት ከበደኝ፣ ይኸው ግን ተጽፏል።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ እንድሪስ በመኪናው ይመጣል። ከእሱ ጋር ነይ። ብትቀሪም አልፈርድብሽም፤ አንቺን ብሆን አልመጣም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ፀጉሬን የሚሠራልኝ አልነበረም። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ ሱቅ ውስጥ እጅጌዬን ለምን እንደማልሰበስብ ሸይማ ጠይቃኝ አታውቅም።

ይህን ስል መጻፏን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊው አልኳት።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እጅሽንም ይባርከው።

የጓደኛሽ እናት