ስለ ሰማያዊዋ መኪናችን መታጠብ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት
ግልባጭ፦ በደረጃው ሥር ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለቀኝ እጅዎ ብርታት እመኛለሁ፤ ያ እጅ ማኅተም ሲመታ ስለሚውል ድካሙ ይገባኛል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር የምኖር፣ በስብሰባ ጊዜ ከኋላ ወንበር የምቀመጥና እስከ ዛሬ አንድም ቀን እጄን አውጥቼ የማላውቅ ነዋሪ ነኝ። ዛሬ ያወጣሁት ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የዋሉልንን ውለታ በአደባባይ ለማመስገን ነው።

እንደሚያስታውሱት የዚያን ዕለት የግቢያችንን ንጽሕና አይተው ነጥብ የሚሰጡ እንግዶች ይመጡ ስለነበር፣ እርስዎ በመመሪያ ቁጥር አሥራ አራት፣ በግቢው የቆሙ መኪናዎች በሙሉ በኮሚቴው ሳሙና፣ በኮሚቴው ብሩሽና በኮሚቴው ሰዓት እንዲታጠቡ አዘዙ። እኛ ባለቤቶቹ ሥራ ላይ ነበርን። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ለቀላዋጭ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለሕዝብ አገልጋይም ይሆናል። ከታጠቡት አንዷ የእኛ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ስለሆነች፣ ቁጥር እንደሚወዱ በማወቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ ሳሙናው አመራረጥ። ሳሙናው በተመረጠበት ስብሰባ ላይ የሁለተኛ ፎቋ ነርስ የመኪና ሻምፖ ቢገዛ ይሻላል፣ ቀለም አይጎዳም ብላ ናሙና ይዛ መጥታ ነበር። እርስዎ ግን በጥናት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ስለሚወዱ፣ ሻምፖውን በአንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ደረጃና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ የምናጥብበትን የቅባት ማስለቀቂያ በሌላው አድርገው፣ እጅጌዎን ሰብስበው ሁለቱንም በጣትዎ መቱ። ሻምፖው ጥቂት አረፋ አወጣ፤ ማስለቀቂያው ክርንዎ ድረስ ወጣ። «አረፋ የሌለው ሳሙና ሳሙና አይደለም» አሉ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ሰፈረ። በማስለቀቂያው በርሜል ላይ በትልቁ «ቀለም በተቀባ ነገር ላይ አይጠቀሙ» የሚል ተጽፏል፤ ጽሑፉን አረፋው ሸፍኖብዎት ይሆናል። እኔ በየወሩ በለስላሳ ጨርቅ እየቀባሁ ቀለሟን የምጠብቅበትን ሰም በአንድ ቀትር ልጦ ስላነሳልኝ፣ ይህን ያህል ጉልበት ያለው ነገር በየቀኑ ደረጃችን ላይ እንደምንረግጥ ስላሳወቁኝም አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ተራው። በግቢያችን ሁሉም ነገር በማዕረግ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ የታጠበው የምክትልዎ ፒክአፕ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ አሸዋና ጠጠር ሲያመላልስ የሚሰነብተው ማለቴ ነው። ከዚያ በዚያው ባልዲ፣ በዚያው ውሃና በዚያው የወለል ብሩሽ ወደ ሌሎቹ ታለፈ። የእኛዋ አሥራ አንደኛ ነበረች። የአንድ ሰው አሸዋ ለመላው ነዋሪ ያለ አድልዎ የተከፋፈለበት ሌላ ዘመን አላስታውስም። አባቴ ያስተማረኝ ግን ሁለት ባልዲ ነው፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁ የያዘው አሸዋ ለሚራገፍበት። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ይለቀቃል፣ ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፣ ጨርቁ ድንገት መሬት ከወደቀ ደግሞ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ከማዕረግ ጋር ስለማይያያዝ ለኮሚቴው ሳይከብድ አልቀረም።

፫. ስለ ሰዓቱ። በስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ ብረቱ እጅ በሚያቃጥልበት ጊዜ ሳሙና ተቀብቶ እንግዶቹ እስኪያልፉ ድረስ እዚያው ደረቀ፤ አረፋው እንዲታይ ነው መባሉን ሰምቻለሁ። ያጠቡት ዘበኛችን ናቸው። «የታዘዝኩትን ነው ልጄ» ብለውኛል፤ በእሳቸው ቅንጣት ቅያሜ የለኝም።

አራተኛውን ቁጥር ለመስጠት ሞክሬ አቃተኝ፤ ስለዚህ ያለ ቁጥር ልናገረው።

አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት በጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ሰማያዊዋ መኪና የመጨረሻ ሥራው ናት፤ ዓይኑ ሊጠፋ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ አምስት ጊዜ ቀብቶ፣ በየመካከሉ በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ የጨረሳት። ዛሬ ምንም አያይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ክንዱን ይዤ አርባ ሁለቱን ደረጃ አወርደዋለሁ፤ ኮፈኑን ከመስታወቱ ሥር ጀምሮ እስከ አፍንጫዋ በመዳፉ ይዳብሳል፣ «አለች» ይላል፣ እንመለሳለን። ሳምንቱን የሚጠብቀው ይህችን ቃል ለማለት ነው።

ከታጠበች በኋላ በመጣው ቅዳሜ አንዴ ዳበሰ። ደገመ። ጣቶቹን በኮቱ ጠርጎ በሌላው እጁ ሞከረ። እንዲቆጣ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣልኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሱ ግን ቀስ ብሎ «ልጄ፣ እጄም ሄደ» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ አባቴ የተጎዳው ቀለሙ መሆኑን አላወቀም፤ የሞቱት ጣቶቹ መሰሉት። ኮሚቴው ነው፣ የወለል ብሩሽ ነው፣ አሸዋ ነው ብዬ ማልኩለት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ተይ፣ አታባብዪኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ ዓይኑ መድከም በጀመረ ጊዜ ዓመት ሙሉ «አምፖሉ ነው የደከመው» እያልኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ከየት ይምጣ? ከዚያ ወዲህ የሻይ ብርጭቆ የሚይዘው በሁለት እጁ ነው፤ ጺሙንም እኔ እንድላጨው ጠየቀኝ። ይህን ስጽፍ ምን ያህል እንደምጠላዎት በትሕትና ልገልጽልዎ እወዳለሁ።

ስለዚህ የለመንኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው «መኪናዋን ያሳጠብኩት እኔ ነኝ፣ እጅዎ ደህና ነው» እንዲሉት። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። በመጀመሪያው ጊዜ፣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ በሁለተኛው «ኮሚቴ ይቅርታ አይጠይቅም፣ በቃለ ጉባኤ ይይዛል» ብለው ሸኙኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እርስዎ አጥሩን ነቅንቀው ሳሙናም ጨመሩበት።

ለግቢያችን የተሰጠውን የሁለተኛነት ደረጃ እንኳን አገኙ እያልኩ፣ አረፋዎ እንዳይጎድል፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎም ለስላሳ ጨርቅ እንዳይለየው እየተመኘሁ፣ ጭረት የማያጣውን አክብሮቴን አቀርባለሁ።

አሥራ አንደኛ ተራ የደረሳት መኪና ባለቤት፣ የቀለም ቀቢው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት፣ አባቴን ፀሐይ ይንካህ ብዬ ግድ አልኩትና አወረድኩት። መንገዳችን ላይ የእርስዎ መኪና ቆማለች፤ ያን ሐሙስ የሸራ ልብሷን ለብሳ የዋለችው፣ ከኮሚቴው አረፋም ድርሻዋ ያልደረሳት። የማን እንደሆነች ሳልነግረው እጁን አስቀመጥኩበት። «ይቺ ሰም ጠጥታለች፤ በሻምፖና በለስላሳ ጨርቅ ነው የምትታጠበው። ሰውየው ያውቅበታል» አለኝ። እንደሚያውቁበት በዚህ አወቅሁ።

ከዚያ እጁ ወደ ቀኝ የኋላ በር ሄዶ ቆመ። ከቀለሙ ሥር የተሰረጎደ ብረት የሚሞላበት ስቱኮ አለ፣ አለኝ፤ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፣ የቀባው ሰው ቸኩሏል፣ በሩን የመታው የቆመ ብረት ነው። አባቴ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አያነብም፤ ስለዚህ ባለፈው ወር የግቢው የብረት በር ተጣሞ መገኘቱን፣ ዘበኛችንም በግዴለሽነት ዘግተው አጣመሙት ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተለጠፈባቸው አያውቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ነገሩን ስነግረው መዳፉን ወደ ፊቱ አቅርቦ ሳቀ። ወደ ሰማያዊዋ ውሰጂኝ አለኝ፤ ዳበሳት፣ ከዚያም «ማነው ይሄን ያደረገው!» ብሎ ግቢውን በሙሉ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ። እንዲያ ተቆጥቶ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

ስለዚህ ወደ እኛ መውጣትዎ ቀርቶልዎታል። የዘበኛችን ክፍል ግን ምድር ላይ ነው፤ አንድም ደረጃ የለውም።