ለትንሿ ማንኪያ ማኅበር፦ ብሩኖን የሚቀበል አንድ ቤት ይጠቁሙኝ

ለክቡር ዶክተር ፕሮስፔሮ ጋርባሪኖ
የትንሿ ማንኪያ ማኅበር ሊቀ መንበር
ጄኖቫ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ በመልካም የምግብ ፍላጎት፣ ነፋስ በማይገባበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኤርሲሊያ ካኔፓ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወደብ ላይ ወደ ሰርዲኒያ ለሚሄዱ መርከቦች ትኬት ስሸጥ ኖሬያለሁ። ለተሰለፈ ሰው "መርከቡ ሞልቷል" የሚለውን ቃል ሳያስቀይሙ እንዴት እንደሚናገሩት ስለማውቅ፣ ትሕትና በጎደለው ቋንቋ እንደማላስቸግርዎ ከወዲሁ አረጋግጥልዎታለሁ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴም ቀደም ሲል ለጽሕፈት ቤትዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች እጅዎ ሳይገቡ ቀርተው ይሆናል ከሚል ቅን ግምት ብቻ የመጣ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ማኅበርዎ በምግብ ቤቶች መስኮት ላይ የሚለጥፋት፣ "እዚህ ልጆች በደስታ ይስተናገዳሉ" የምትለው ቢጫ ማንኪያ ለከተማችን ትልቅ ጌጥ ናት። ለእኔ ደግሞ ከጌጥም በላይ ሆናለች። እንዴት እንደሆነች ላስረዳዎ።

ልጄ ኮራዶ ከሁለት ዓመት በፊት በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ሚስቱ ቪቪያና ከሁለት ልጆች ጋር ቀረች። ኦታቪያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ብሩኖ ስድስት ሊሞላው ነው። ከቀብሩ በኋላ እኔና ቪቪያና ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች የሚባባሉትን ክፉ ክፉ ነገር ተባባልን፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ሳላይ ከረምኩ። በመጨረሻ አንዲት የቤተሰብ አስታራቂ መሃላችን ገባችና በወር አንድ እሑድ ምሳ እንዳበላቸው ተፈቀደልኝ። የት የሚለው ላይ ግን መስማማት አልቻልንም። ቪቪያና፣ ግድግዳው ሁሉ የኮራዶ ፎቶግራፍ ስለሆነ፣ ልጆቹ ወደ ቤቴ እንዲመጡ አልፈለገችም። እኔ ስሙን የጠራሁትን ምግብ ቤት እሷ ጣለችው፣ እሷ የጠራችውን እኔ። አስታራቂዋ ሰለቻትና "እንግዲያው ቢጫዋ ማንኪያ የተለጠፈችበት ቤት ይሁን፤ እሱ ለልጆች የተመሰከረለት ነው" አለች። ሁለታችንም ፈረምን። የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ሙከራ ነው፤ ከዚያ ይቀጥል አይቀጥል የምትወስነው እናትየው ናት። እንዲህ ሆኖ ነው፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ሳያውቁት የአንዲት አሮጊት የልጅ ልጆች በእርስዎ ተለጣፊ ወረቀት ላይ የተንጠለጠሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሩኖ ሕፃን ሳለ በያዘው ሕመም ምክንያት አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ ሌላውም እንደነገሩ ነው። ስለዚህ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሲደሰት ደግሞ ይብስበታል። ባለጌ ልጅ አይደለም። የራሱን ድምፅ የሚያገኘው እንዲያ ሲያደርግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ። በጥቅምት ኮረብታው ላይ ወዳለው፣ ባሕሩን ቁልቁል ወደሚያየው ምግብ ቤት ሄድን። ማንኪያዋ መስኮቱ ላይ ታበራ ነበር። ብሩኖ ከታች አንድ መርከብ አየና "አያቴ፣ ያንቺ መርከብ መጣልሽ" ሲል ቤቱ በሙሉ ሰማ። አስተናጋጁ መጥቶ "እመቤቴ፣ ልጁ ድምፁን ቢቀንስልን" አለኝ። ኦታቪያ ቀድማኝ "አይሰማውም እኮ" አለችው። "እሱ ካልሰማው እኛስ ምን በወጣን እንሰማለን?" ብሎ ሳቀና መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ወዳለች ጠረጴዛ አዛወረን። ብሩኖ ፔስቶ ፓስታ ጠየቀ። ፔስቶ የትልልቆች ነው፣ ለልጆች ያለን የዶሮ ጥብስና ድንች ብቻ ነው ተባልኩ። በእኔ ስም ልዘዝለት ብል "ያዘዙትን ራስዎ መብላት አለብዎት" አሉኝ። እኔ የጄኖቫ ልጅ ጥርስ ሳያበቅል በበሶብላ የታሸ ፓስታ የሚቀምስ ይመስለኝ ነበር፤ ከነዚህ ዓመታት ሁሉ በኋላ ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። በኅዳር የልጆች መጫወቻ ክፍል አለው ወደተባለ ቤት ሄድን። አልዋሻችሁም፣ ክፍሉ አለ። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ልጆች እዚያ ታች ይበላሉ፣ ትልልቆች ላይ። በወር አንዴ የማገኛቸውን ልጆች ታች ልኬ ብቻዬን መብላቱ ስላልሆነልኝ ተከትያቸው ወረድኩ። ለሦስት ዓመት ሕፃን በተሠራች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በላሁ። ልነሳ ስል ወንበሯ አብራኝ ተነሳች። ኦታቪያ እጄን፣ ብሩኖ ወንበሯን ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን። ኦታቪያ አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ ወረደና "እመቤቴ፣ ይህ ክፍል ለልጆች ብቻ ነው። የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው፣ አይቀየሙን" አለ።

"የልጅ ልጆቼ ናቸው" አልኩት።

"ገብቶኛል። እርስዎ ግን ልጅ አይደሉም።"

የቀረውን ጊዜ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ደረጃውን ሳይ አሳለፍኩ። ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። በትክክል ለመናገር፣ የብሩኖ ብቻ።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ይታገሱኝ። በታኅሣሥ ኦታቪያን ጉንፋን ስለያዛት አልተገናኘንም፤ ስለዚህ የጥሩን እሑድ እንዴት እንደጠበቅሁት አልነግርዎትም። ቀኑ ሲደርስ እኛ አገር ብቻ የሚያውቀው፣ ከላይም ከታችም የሚዘንበው ዝናብ ነበር። የመጀመሪያው ባለማንኪያ ቤት በር ላይ "ዛሬ የክርስትና ግብዣ ነው፣ ሕፃኑ እንዳይረበሽ ሌላ ልጅ አናስገባም" አሉን። ሁለተኛው ምግብ ቤት መሆኑን ትቷል። አንዲት ወጣት ሴት ወጥታ "ምግብ? እኛ እኮ የዓይን ሽፋሽፍት ነው የምንተክለው። ማንኪያዋ ደስ ስላለችን ሳንልጣት ቀረን" አለችኝ። ሦስተኛው ቤት ወለሉን ገና አሁን ወልውለው ስለነበር፣ ውሃ የሚያንጠባጥቡ ሰዎችን ለማስገባት እንደሚቸገሩ በታላቅ ትሕትና ገለጹልን። ያን ጊዜ የብሩኖ ጫማ ውሃ ሞልቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ማልቀስ እንኳ ትቷል። ዝም ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ብሩኖ ዝም ሲል እፈራለሁ።

ስለዚህ ማንኪያ የሌለበት ቤት ገባሁ። በወደቡ ቅስቶች ሥር ዓሣ የምትጠብስ፣ የሽምብራ ቂጣ የምትጋግር ወይዘሮ ቴክላ የምትባል ሴት አለች። ወደ ውስጥ ስናይ "ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ግቡ እንጂ" አለች። "ይሄ እንዲህ የራሰው የማን ልጅ ነው?"

"የልጄ" አልኳት።

"ልጅሽ የታለ ታዲያ?"

"ሞቷል።"

ጎንበስ ብላ የብሩኖን ጫማ ፈታችና ምድጃው አጠገብ አኖረችው። እግሩን በእጅ ፎጣዋ ጠቀለለችለት። እዚያ ቤት ሁሉም ሰው ይጮሃል፤ የወደብ ሠራተኞቹ ይጮሃሉ፣ ዘይቱ ይጮሃል፣ ቴክላ ከሁሉም በላይ ትጮሃለች። ብሩኖ ሞቅ ሲለው ሌላ ቂጣ ጠየቀ። "ጮክ በል እንጂ የኔ ልጅ፣ አልሰማሁህም" አለችው። በሕይወቱ እንዲህ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ።

ልጆቹ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፣ ለእናታቸው ነገሯት። ማታውን ቪቪያና ደወለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ኤርሲሊያ፣ የፈረምነው ምን ነበር?"

"ዝናብ ነበር፣ ቪቪያና። ልጁ..."

"ዝናብ እንደነበር አውቃለሁ። ኮራዶም ሁልጊዜ ምክንያት ነበረው። የሞተሩን ፍሬን ለመካኒክ ሳያሳይ ሲወጣም ምክንያት ነበረው። እኔ ከእንግዲህ ሰው ያየው፣ ሰው ያረጋገጠው ነገር ነው የምፈልገው። ሌላ የምይዘው የለኝም።"

በየካቲት ልጆቹን አላየኋቸውም።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ስለ ማንኪያዎ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለእኔ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ነበረች። ለቪቪያና ግን አንድ ሰው ቀድሞ ገብቶ፣ ወንበሩን ነቅንቆ፣ ደረጃውን አይቶ፣ "ልጅሽን እዚህ ልትልኪው ትችያለሽ" ያላት ማለት ነበረች። ስለዚህ ለጽሕፈት ቤትዎ ጻፍኩ፤ ለወይዘሮ ቴክላ ማንኪያዋ እንድትሰጣት አመለከትኩ። ጽሕፈት ቤትዎ በፍጥነት ስለመለሰልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቤቱ የሕፃን ዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ የለውም፣ የቀለም እርሳስ አያቀርብም፣ "የድምፁም ሁኔታ ለሕፃናት ምቾት አይስማማም" ይላል መልሱ። የመጨረሻዋን ሐረግ ደጋግሜ አነበብኳት።

አራተኛና የመጨረሻ። አስታራቂዋ ቪቪያናን ለምና፣ ባለፈው እሑድ እናትየው ራሷ አብራን እንድትመጣ ሆነ። ስንት ሌሊት ስለዚያ ምሳ እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ማኅበርዎ በግንባር ቀደምነት የሚያሞግሰውን ቤት መረጥኩ። የክት ልብሴን ለበስኩ። ብሩኖ በሩ ላይ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ "እናቴ፣ ርቦኛል" አለ። አስተናጋጁ፣ ጢም ያላወጣ ወጣት ነው፣ ወደ ቪቪያና ጠጋ ብሎ "ውጭ ባለው ጠረጴዛ ብትሆኑስ፣ እመቤቴ? ውስጥ እንግዶች አሉን" አላት።

"እኛስ ምንድን ነን?" አለችው።

እንዳፈረ ያስታውቃል፣ ግን ከበሩ ላይ አልተነሳም። ቪቪያና መስኮቱ ላይ ወዳለችው ማንኪያ አመለከተች። "ይህችን የሰጣችሁ ማነው?"

"በፖስታ ነው የመጣችልን። ፎርም ሞልተን ላክን፣ መጣች።"

"ቤቱን መጥቶ ያየ ሰው የለም?"

"ማን መጥቶ ያያል፣ እመቤቴ?"

የተናገርኩት ሁሉ እውነት መሆኑ ዓይኗ ሥር ተረጋገጠ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ቪቪያና የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆማ የብሩኖን ካፖርት ቁልፍ እስከ አንገቱ ድረስ ትቆልፍ ጀመር፣ የተቆለፈውን እየፈታች እንደገና ትቆልፋለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ "ታዲያ ማንን ልመን?" አለች።

እኔን ልላት ፈለግሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኮራዶን አሳድጌ ለእሷ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እሱም እንዲያ ሆነ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። አውቶቡሱ መጣና ልጆቿን ይዛ ወጣች። ብሩኖ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ሲለኝ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰማሁትም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ የዚያን ያህል አላስቸግርዎም። የምለምንዎት እርስዎ ራስዎ ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጠው የበሉበትን አንድ ቤት እንዲጠቁሙኝ ነው። አንድ ብቻ ይበቃኛል፣ ሩቅም ቢሆን እሄዳለሁ፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብም ቢሆን እቀመጣለሁ። የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ እኔም ሌላ የማንኳኳው በር አልቀረኝም። እንዲህ ያለ ቤት ከሌለ ደግሞ፣ ማንኪያዎቹን ከየመስኮቱ ቢያስልጧቸው መልካም ነው። ማንም አያያቸውም ብለው ይሆናል። አንዲት ልጆቿን የምትፈራላቸው እናት ግን ታያቸዋለች፣ ታምናቸዋለችም።

ማኅበርዎ ለሕፃናት ላደረገው፣ ለሚያደርገውና፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ አንድ ቀን መጥቶ ለሚያየው ሁሉ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ዘወትር ደረቅና ሞቃት እንዲሆንልዎ በመመኘት፣

የእርስዎ ታዛዥና ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ለማዛወር አመቺ የሆነች ደንበኛ፣
ኤርሲሊያ ካኔፓ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ልልክ ስል ቪቪያና ደወለች። ስለ ደኅንነቴም አልጠየቀችኝ፣ ስለ እሑዱም አላነሳችም። "ያች ዓሣ የምትጠብሰው ሴት በሚቀጥለው እሑድ ትከፍታለች?" አለች። ቀጠል አድርጋም "መጀመሪያ እኔ ብቻዬን ገብቼ አያለሁ" አለች። ስለዚህ ስለ ወይዘሮ ቴክላ ያቀረብኩትን ማመልከቻ ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ። ማኅበርዎ ሐሳቡን ለውጦ ማንኪያዋን ሊልክላት ተነሥቶ እንደሆነ፣ ስለ ልጆቹ ሲሉ እንዲተውት በእግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።