ስለዚያ ስለሳምከው ዓሣ

ልጄ ኢዘዲን፣ አላህ ባለህበት ሰላሙን ያውርድብህ፤ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ ማሾውም ዘንድሮ አፍርቷል።

የላክኸውን ቪዲዮ እህትህ ዙልፋ አሳየችኝ። ቀፈፈኝ ልጄ! የበቆሎ ሊጥ በእጅህ ታድበለብላለህ፤ ተንሳፋፊውን ቡሽ በመንጠቆው ክር ላይ ስንዝር ከፍ፣ ስንዝር ዝቅ ታደርጋለህ። «ካርፕ የሚባለው ዓሣ ዛሬ ከውኃው ሥር አይበላም፤ ሊጡ ልክ በአፉ ትይዩ ካልተንጠለጠለለት ዞር ብሎም አያይ» ትላለህ። አወጣኸው፤ ያን ልጋጉ የሚዝረበረብ አፉን ሳምከው፤ ፎቶ ተነሳህና መልሰህ ውኃ ውስጥ ጣልከው። ቱ! ካልበላኸው ከንፈሩን ለምን ትቀድደዋለህ? ነፍስ ያለው ነገር መጫወቻ ነው? እህልስ ለማታለያ ይጣላል? አባትህ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ዙልፋን ግን አልቀፈፋትም። ዓሣውን ያየችውም አይመስለኝ። እሷ ያየችው ጃኬትህንና ከኋላህ የቆመውን መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሯን አልገለጠችም። ሐራ ከተማ ላይ ባሕር የሚያሻግር ደላላ አለ መባሉን ሰምታ፣ ስትጠያይቅ ደረስኩባት። በስልክ ያልነገርኩህ እሷ እንዳትሰማኝ ብዬ ነው።

አንተ ያን ባሕር እንዴት እንዳለፍከው ለእኔ ለእናትህ እንኳ ነግረኸኝ አታውቅም። አደራህን፣ ጃኬቱን አውልቀህ ለእሷ ንገራት። ፎቶህ ልክ በአፏ ትይዩ ተንጠልጥሏል። አላህ ሁለታችሁንም ይጠብቅልኝ፤ ክሩን ሰብስበው ልጄ።

እናትህ ሀስና፣ ከመርሳ