በሰም የተለበጠ ግድግዳ

እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእህቴ ለእትዬ የሺሐረግ፤
ድሬዳዋ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን አሁንስ ተሻለዎት? ጋሼ ሳህሌስ ከባቡሩ ሥራ አረፍ የሚሉበት ቀን አገኙ? ሙቀቱስ ቀለል አለላችሁ? እኛ የአቃቂው ብርድ ቢያንቀጠቅጠንም እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ዓይንዎን ማየት ብቻ ነው የቀረን።

«ልጄን በሚመጣው ባቡር ላክልኝ» ያሉት ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን የደበቅሁዎትን ነገር ልናገር።

ልጅዎ አስካለች ማሳል የጀመረችው በሰኔ ነው። «አጎቴ፣ የፋብሪካው ጥጥ ብናኝ ነው» ስትለኝ አመንኋት። ሳሉ ሲጠናባት ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ወስጄ አክታዋን በመስታወት ላይ ቀባሁና ቀይ ቀለም አፍስሼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የሳንባ ነቀርሳ ምልክት አልነበረበትም። ብርድ ነው ብዬ ሰደድኋት፤ ባለቤቴ ሙሉአለምም ስትሰማ እልል አለች።

ሁለት ወር ቆይቶ ጉንጯ ሲጎድል፣ ቀሚሷ ሲሰፋት ሳይ ልቤ እምቢ አለኝ። አለቃዬ አቶ ቀናው «ለመሆኑ ያን ቀን ቀለሙ በመስታወቱ ላይ ሲተን አይተሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም። የማሞቂያው አልኮል አልቆ፣ በሽተኛውም ተሰልፎ ስለነበር ቸኩያለሁ። እትዬ፣ የሌላው ተህዋሲ ግድግዳ ቀለም ሲያፈሱበት ወዲያው ይጠጣል። የሳንባ ነቀርሳው ግን ግድግዳው በሰም የተለበጠ ነው፤ እንፋሎት እስኪወጣው ካልሞቀ ቀለሙን አያስገባም። አንዴ ካስገባ ደግሞ በአሲድ ቢያጥቡትም አይለቅም። ይህን እያወቅሁ ነው የተሳሳትሁት።

በማግሥቱ አዲስ አክታ አምጥታልኝ በደንብ አሙቄ አየሁ። በሰማያዊው መሀል ቀጫጭን ቀያይ ዘንጎች ተበትነዋል። ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ እንባዬን ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነው። ከዚያ ፋብሪካው በር ላይ ጠብቄ በእኔ ጥፋት ሁለት ወር እንደባከነባት ነገርኋት። ትጮህብኛለች ስል «መድኃኒት አለው?» አለችኝ። አለው አልኋት። «እንግዲያው እማዬ እስክድን አትስማ» ብላ አስማለችኝ።

ይኸው መርፌና ክኒን ከጀመረች አምስት ወሯ ነው። ሳሉ ጠፍቷል፤ ፊቷ ሞልቷል። ባለፈው ሳምንት አክታዋን ሁለት ጊዜ አሙቄ መረመርሁ፤ አቶ ቀናውም ደግመው አዩት። አንድም ቀይ የለም! አስካለችም «አሁን ንገራት» ብላ ከመሐላው ፈታችኝ።

ነገር ግን ያ ሰም መድኃኒቱንም ቶሎ አያስገባውም። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት ካቋረጠች ይመለስባታል፤ ሲመለስም ይብሳል። ስለዚህ እትዬ፣ ልጅዎን አልልክም። በሕይወቴ እምቢ ስልዎት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ይልቅ እርስዎ ይምጡ፤ አልጋውን ለቅቀንልዎታል፤ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያው ላይ እኔና አስካለች ቆመን እንጠብቅዎታለን።

ለጋሼ ሳህሌ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ይበሉልኝ። ትንሿን ወርቅነሽን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ሙሉአለም እጅ ትነሣለች። አስካለች በትከሻዬ በኩል እያነበበች «አጎቴ ያሳለፈውን እኔ አውቃለሁ፣ እንዳትቆጪው በልልኝ» ትላለች። እምቢ ብላት እስክሪብቶውን ልትነጥቀኝ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ
ወልደሚካኤል
አቃቂ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.