እናቴን «ያልታወቀ አካል» ብለው ለመዘገቡት ኃላፊ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተር ደኅንነት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ በተለይም እናትዎ፣ ደኅና ናቸው? እኔ ከሦስተኛ ፎቅ መዝገብ ቤት፣ በለጠፉት ማስታወቂያ ጥላ ሥር ተጠልዬ እጅግ ደኅና ነኝ።

ማን ያውራ የነበረ ነውና ነገሩን ይህ ደብዳቤ ለሚደርሰው ለሌላውም አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የስድስት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቃ የምትኖረው እናቴ ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት። ኮምፒዩተሯ ባስቸገራት ቁጥር በምሳ ሰዓቴ፣ ዳቦዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ ከቢሮ ሆኜ ስክሪኗን እያየሁ አስተካክልላት ነበር። እርስዎም ደርሰውበት «ከቢሮ ውጭ ያለን ኮምፒዩተር ከርቀት መርዳት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው መስመሩን ዘጉት። ዕድሜ ለእርስዎ፣ አሁን ምሳዬን በሁለት እጄ እበላለሁ። ቅሬታዬን ግን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

1. እናቴ በመዝገብዎ «ያልታወቀ አካል» ተብላለች። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ሰፈሩም ቤተ ዘመዱም ሲያውቃት ኖሯል። የሚያጠራጥር ባሕርይ ቢኖራት፣ አቧራ እንዳይነካው ብላ ኮምፒዩተሩን ሳታጠፋ በዳንቴል መሸፈኗ ብቻ ነው። እሱም በሙቀት ታፍኖ ቀጥ ይላል፤ እንደገና ሲነሣ ካሜራው አይሠራም።

2. ልዩ ፈቃድ የምትሻ ከሆነ ቅጽ እንድትሞላ አዘዙ። ያለ አንድ ግድፈት ሞላችው፤ «የሥራ ድርሻ» ለሚለው «እናት»፣ «የቅርብ አለቃ» ለሚለው ደግሞ «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የለኝም፤ በሕይወት ሳለም አልነበረኝም» ብላ። ክፍልዎ «አለቃ ያልፈረመበት» ብሎ መለሰው።

3. ጎረቤቷ ጸጉር አስተካካዩ ደግ ሰው ነውና፣ እግዜር ይስጠው፣ ሊረዳት ሞክሮ ስክሪኑን ገልብጦት ሄደ። እናቴ ሰሞኑን የምታነበው አንገቷን አዘንብላ ነው።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልወደድኩም። ሩቅ አገር የምትኖረው ታናሽ እህቷ በመጪው ዓርብ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ሐኪሞቹ ብርሃኗ ይተርፋል ብለው ቃል ስላልገቡላት፣ ሐሙስ በአሥር ሰዓት የእናቴን ፊት በኮምፒዩተር ማየት ትፈልጋለች። የእናቴ አሮጌ ስልክ ደግሞ ድምፅ እንጂ ፊት አያደርስም። እናቴ ለዚያች ሰዓት የምትለብሰውን ሹራብ ከሰኞ ጀምራ ወንበር ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። እኔ የምፈልገው አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ይህን ሳስብ ፌዙም ይጠፋብኛል።

መሥሪያ ቤታችንን ከእናቶች ወረራ ለመከላከል ለሚያደርጉት ተጋድሎ ረጅም ዕድሜና የማይዝል ክንድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዚያች ያልታወቀች ሴት የታወቀ ልጅ

ማስታወሻ፦ ማስታወቂያዎን ለእናቴ በስልክ ባነብላት፣ የተከለከለው ከርቀት መርዳት ብቻ መሆኑን ወዲያው ነቃችበት። ስለዚህ ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ፣ የኮምፒዩተሩን ሣጥንም ስክሪኑንም በዳንቴሉ ጠቅልላ ትመጣለች፤ ቲኬቷን ቆርጣለች። ማስታወቂያዎ «አቤቱታ በአካል ለኃላፊው ይቀርባል» ስለሚልም፣ አሥር ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሯን የምትዘረጋው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሷም እህቷም ጆሯቸው ከበድ ስላለ ጮክ ብለው እንደሚያወሩ ከወዲሁ ይወቁልኝ። ደግሞም ገና ከበር ስትገባ የምትጠይቅዎ፣ ለእናትዎ መጨረሻ የደወሉት መቼ እንደሆነ ነው።